ሽንት ቤቱን የቆለፈችው ሴትዮ

እኔ ቂመኛ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ጎረቤቶቻችን እናቴን «ቂም የማታውቅ የዋህ» ይሏታል፤ እነሱ ተሳስተዋል። ዛሬ የምነግራችሁ የእናቴን ሕይወት ነው። የእሷን ሕይወት ለመናገር ደግሞ፣ ወደድኩም ጠላሁም፣ ያሳደገቻትን ሴትዮ ማንሳት አለብኝ። ስሟን ግን ከአፌ አታገኙትም። እኔ ቤት ስሟ «ሴትዮዋ» ነው።

እማዬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ነበረች። አዳራሹ ረጅም ነው፤ የስፌት መኪኖቹ በመስመር ተደርድረዋል። ሸሚዙ ከግራዋ ይመጣል፣ ኮሌታውን ትገጥማለች፣ ወደ ቀኝ ታሳልፋለች። አንዷ ከተነሳች ሸሚዙ ባዶ ወንበሯ ፊት ይከመርና መስመሩ በሙሉ ይጮህባታል። ሽንት ቤት ለመሄድ ደግሞ ካርድ አለ። አለቃቸው ጠረጴዛ አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰቀለች ቀይ የላስቲክ ካርድ፣ ለአንድ መስመር አንዲት ብቻ። ካርዷ ሚስማሩ ላይ ከሌለች፣ የወሰደችው እስክትመለስ ጥርስሽን ነክሰሽ መጠበቅ ነው። በዚያች ካርድ ስንቱ ተሰዳድቧል፣ ስንቷ ተኮራርፋለች።

እማዬ ካርዷን ነክታት አታውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ የለም። የሥራ ጓደኞቿ «ችካል» ብለው ስም አወጡላት። «ችካል፣ አንቺ እኮ ፊኛ አልፈጠረብሽም!» እያሉ ሲስቁባት አብራቸው ትስቃለች። አለቃው አዲስ ልጆች ሲቀጠሩ ወደ እሷ እያመለከተ «እሷን እዩ፣ ሠራተኛ ማለት እንደዚህ ነው» ይላቸው ነበር። አንድ ዓመት በሰው ሁሉ ፊት አቁመው ምስጉን ሠራተኛ አሏትና ብርድ ልብስ ሸለሟት። እኔ ያን ብርድ ልብስ ለብሼ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት «እናቴ ከመኪናዋ አትነሳም» እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። ምን አውቄ!

መጀመሪያ ወገቧን አመማት። «ወንበሩ ነው» አለች። ቀጥሎ ትኩሳት ይመላለስባት ጀመር። «ብርድ ነው» አለች። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ማበጥ ሲጀምር ግን ብርዱንም ወንበሩንም ትቼ፣ ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ምርመራው ካለቀ በኋላ ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠጋች።

«እናቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳሉ?»

«ጠዋት ከቤት ስወጣ፤ ከዚያ ማታ ስገባ» አለች እማዬ፣ ጀብዱ እንደሠራ ሰው ቀና ብላ።

«በመካከሉስ?»

«በመካከሉማ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሽንትዎ ሲመጣ አይሰማዎትም?»

«ልጅ እያለሁ ይሰማኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ፊኛዋ ከልኩ በላይ እየተለጠጠ ኖሮ አሁን ራሱን መጭመቅ እንዳቃተው፣ የሚቀረው ሽንት ወደ ላይ እየተመለሰ ኩላሊቷን እንደመረዘው ቀስ ብላ አስረዳችን። አንደኛው ኩላሊት አልቆለታል። ሁለተኛው ግን ሊተርፍ ይችላል፤ ውኃ ከጠጣች፣ ሰዓቷን ጠብቃ ሽንት ቤት ከሄደች፣ ከእንግዲህ ካልያዘች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ይሄ የፋብሪካ ብቻ አይመስለኝም። መቼ ነው የጀመረዎት?» አለቻት።

እማዬ እንደ ቀልድ አወራችላት። እኔም፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ያኔ ነው የሰማሁት።

እናቷ ስትሞት እማዬ አራት ዓመቷ ነበር። የአባቷ እህት ወሰደቻት። እማዬ እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የምትላት፣ «እርስዎ» እያለች። ሴትዮዋ ክፍሎች እያከራየች የምትኖር ናት። ግቢው ጥግ አንድ ሽንት ቤት ነበር፣ ጓጉንቸር ቁልፍ የተንጠለጠለበት፣ መንገደኛ እንዳይገባ። ተከራዮቹ ለየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። የሴትዮዋ ወንድ ልጅ በፈለገው ግድግዳ ላይ ይሸናል። ለእማዬ ግን ቁልፉ ያለው ሴትዮዋ አንገት ላይ ነው፣ በክር ታስሮ። ልጅቷ እግሯን አቆላልፋ መጥታ ፊቷ ስትቆም፣ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል «ሥራሽን ጨርሰሻል?» ትላለች። ግቢው ካልተጠረገ፣ ዕቃው ካልታጠበ፣ ባልዲው ካልሞላ ክሩ ከአንገቷ አይወልቅም።

«ቻይው» ነው የምትላት። «ሰው የሚወጣው ልጅ ይችላል።»

ያልቻለች ቀን ሴትዮዋ ያረጠበችውን ፍራሽ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ የግቢው በር ላይ ታቆማታለች። አላፊ አግዳሚው ያያታል፣ የሰፈር ልጅ ይስቅባታል። የአራት ዓመት ልጅ! ኧረ የት አለ ፍርድ?

«እኔ ግን ብልጥ ነበርኩ» አለች እማዬ ለሐኪሟ፣ አሁንም እየሳቀች። «ውኃ መጠጣቱን ተውኩት። ካልጠጡ አይመጣማ!»

ሐኪሟ የእማዬን እጅ ያዘች። «ሰውነት በልጅነቱ የለመደውን በቀላሉ አይተውም፣ እናቴ። እርስዎ ረስተውት ይሆናል። ፊኛዎ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ሴትዮ እያስፈቀደ ነው።»

እማዬ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። እኔ ደሜ ፈላ። ያኔውኑ ተነስቼ ሴትዮዋ ቤት ሄጄ በሯን ልሰብረው ነበር፤ እማዬ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን ተወች። የስፌት መኪና ገዛንላትና ቤታችን ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀመጥናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ጸጉር እሠራለሁ። ስልኳን በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮህ አደረግሁላት። ሲጮህ ትነሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብታ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፤ ምንም የለም። እኔ ከውጭ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ አፏጫለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሕፃን አደረግሽኝ» እያለች ትቆጣኛለች። እየቆየ ግን ለመደች። የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ ወገቧ ተሻላት፣ ምግብ ጣማት።

ትልቋ ረዳቷ ልጄ ነበረች። አራት ዓመቷ ነው፤ ዝም ብላ ስለማትቀመጥ ድንቢጥ እንላታለን። ስልኩ ሲጮህ «እማማ፣ ጮኸ! ጮኸ!» እያለች ትመጣና አያቷን በቀሚሷ ትጎትታታለች። እማዬ መቀመጫው ላይ፣ ድንቢጥ ፖፖዋ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ወሬ ይሰልቃሉ። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ደንበኞቼ ይስቁባቸው ነበር።

ታዲያ እንዲህ ደህና ሆነን ሳለን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የሴትዮዋ ልጅ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ። ያ በየግድግዳው ሲሸና ያደገው! አሁን ቦርጫም ሆኗል፤ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ይነግዳል። እናቱን ደግፎ አወረዳት። ወድቃ ዳሌዋ ተጎድቷል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ያውም ሰው ይዟት።

«ባለቤቴና እሷ አልተስማሙም» አለ እየተቅለሰለሰ። «ለጥቂት ጊዜ ነው። አንቺም እኮ ልጇ ነሽ።»

እኔ ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። «ልጇ አይደለችም! ባሪያዋ ነበረች!» አልኩት።

እማዬ ግን በሩን ከፈተች። «ትግባ» አለች።

ሴትዮዋን አስቀምጠን እሱም ሹልክ ብሎ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ አፋጠጥኳት። «እብድ ነሽ እንዴ እማዬ? ኩላሊትሽን የበላችውን ሴት?»

እናቴ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ዘወር ብላ ስታየኝ ያንን ዓይኗን ከዚያ በፊት አላውቀውም። «ስንት ዓመት ሙሉ ስጠብቃት እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አሁን እሷ ናት የምትለምነኝ። ዓይኗን እያየሁ አንድ ነገር እጠይቃታለሁ። በድዬሻለሁ ትበለኝ። በራሷ አፍ። ከዚያ ትሂድ፣ ትሙት፣ ግድ የለኝም።»

እሰይ፣ የእኔ እናት! አልኩ በሆዴ። ለካ ቂሙን ከእሷ ነው የወረስኩት።

ሴትዮዋ እርጅና ያለዘባት እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው ቀን ቤቱን ማዘዝ ጀመረች። ሾርባው ቀጥኗል፣ መጋረጃው አድፏል፣ እኔ ድምፄ ይጮሃል፣ ልጄ ስድ ናት። የምትቀመጠው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ እንዲቀርባት ብለን ወንበር ያደረግንላት ቦታ።

አንድ ቀን እማዬ ዩኒፎርም ልታስረክብ ወጥታ እኔና ሴትዮዋ ቀረን። አንዲት ደንበኛዬን ጸጉር ይዣለሁ። ሴትዮዋ ከኮሪደሩ ተጣራች።

«አንቺ ልጅ! ሽንቴ መጣ። ነይ አንሺኝ።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? በአክብሮት፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «ሥራዎን ጨርሰዋል?» አልኳት።

«የምን ሥራ?» አለች።

«እኔ እንጃ። ግቢው ተጠርጓል? ባልዲው ሞልቷል?»

ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እኔ ጸጉሯን ቀጠልኩ። ሴትዮዋ ተጣራች፣ ተሳደበች፣ በምርኩዟ ወለሉን ደበደበች፣ ኋላም ለመነች። የለመነችውን እኔ ነኝ የሰማሁት! «በእናትሽ» አለች። ጸጉሩን እስከ ጫፉ ጨረስኩት። ስሄድ ወንበሩ ረጥቧል። እውነቱን ልንገራችሁ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እማዬ ስትመለስ ሁሉንም በአንድ እይታ ገባት። አልጮኸችብኝም። ሴትዮዋን አጠበቻት፣ ልብሷን ቀየረችላት፣ ወንበሩን ወለወለች። ከዚያ ጓሮ ወስዳ «ሁለተኛ እንዳትነኪያት» አለችኝ።

«አሳዘነችሽ?»

«ማን፣ እሷ? የአንቺ ጠላት አይደለችም። የእኔ ናት። ለእኔ ተዪልኝ።»

ተውኩላት። ግን አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ስልኩ ይጮሃል፤ እማዬ አትነሳም። «ቆይ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ» ትላለች። እጅጌው ያልቃል፣ ሌላ ትይዛለች። ኮሪደሩ ላይ ሴትዮዋ አለች፤ ወደ ሽንት ቤቱ ለመግባት በእሷ አጠገብ ማለፍ ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ስታንቀላፋ እማዬ በእግር ጣቷ እየረገጠች ትሄዳለች። ከነቃች ደጃፉ ድረስ ትሄድና «እትዬ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላ ጠይቃት ትመለሳለች። በገዛ ቤቷ! ልጅ አድርሳ፣ የልጅ ልጅ አይታ! የውኃው ጆግ አጠገቧ ሞልቶ ይውልና ሞልቶ ያመሻል።

ፊቷ እንደገና አበጠ። ትኩሳቱ ተመለሰ። ሐኪሟ ዘንድ ስንሄድ፣ ያቺ ትሑት ልጅ ተቆጣች። «እናቴ፣ ሌላ መለዋወጫ የለንም! ይቺኛዋ ኩላሊት ከሄደች ኑሮዎ ከማሽን ጋር ነው። ምን ተፈጠረ? ደህና ነበሩ እኮ!»

«ያቺ ሴትዮ ቤታችን ገብታ ነው» አልኩ እኔ።

ሐኪሟ ገባት። «እንግዲያው ትውጣ» አለች፤ ያለ ብዙ ቃል።

ታክሲ ውስጥ እማዬን ለመንኳት። «እማዬ፣ በቃ፣ ዛሬውኑ ትሂድልን። ቂምሽ እሷን ሳይሆን አንቺን እየገደለሽ ነው።»

«ሳትናገር አትሄድም» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «እስክትናገር ብቻ።»

ያን ቀን ማታ ላይ ሻይ አፍልታ ለሴትዮዋ ሰጠቻትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽንት ቤቱን ለምን ነበር የሚቆልፉብኝ?»

ሴትዮዋ ሻይዋን እፍ እፍ ብላ ጠጣች። «የቱን ሽንት ቤት?»

«የግቢውን። ልጅ ሳለሁ። ፍራሹንም አሸክመው በር ላይ ያቆሙኝ ነበር።»

«አሃ፣ እሱን ነው?» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግ! «ታዲያ ያ አይደል ሰው ያደረገሽ? የእኔን ልጅ አልቆነጠጥኩትም፤ ይኸው እናቱን የሰው በር ላይ ጥሎ ሄደ። አንቺ ግን ተሸለምሽ። ፋብሪካው በሙሉ ስላንቺ ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ ከወንበሯ አትነሳም እያለ። ማን አስተማረሽ? አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብለሽኝ አታውቂም።»

በድዬሻለሁ ልትላት ቀርቶ ምስጋና ጠየቀቻት! እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። እማዬ ብርጭቆውን ተቀብላ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ ውኃው እየፈሰሰ፣ ያንኑ ብርጭቆ ደግማ ደጋግማ ታጥባለች።

«አትናገርም» አለችኝ። «ብትሞትም አትናገርም። አታውቀውማ።»

በነጋታው ድንቢጥን ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ስሄድ መምህሯ ወደ ጎን ጠራችኝ። ልጅቷ ሰሞኑን ውኃ አልጠጣም ትላለች። ሌሎቹ ልጆች ለሽንት ሲሰለፉ እሷ ወንበሯን ይዛ አልሄድም ትላለች። «ቤት ውስጥ አዲስ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄን ታቅፌ ነው ቤት የደረስኩት።

እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የሰማሁትን ለመናገር አፌን ሳልከፍት ድንቢጥ ከእቅፌ ወረደችና ወደ ኮሪደሩ ሮጠች፤ ሽንቷ ይዟታል። ከዚያ የምርኩዝ ድምፅ ሰማን። ሴትዮዋ ምርኩዟን በሽንት ቤቱ በር ላይ አጋድማለች።

«መጫወቻሽን ሰብስበሻል?»

«አልሰበሰብኩም።»

«እንግዲያው ቻይው። አያትሽ በአንቺ ዕድሜ ትችል ነበር።»

የእማዬ መኪና ቀጥ አለ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተነሳች። እኔ ልሮጥ ስል በእጇ ገፋ አድርጋ አስቆመችኝና አለፈችኝ። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ምርኩዙን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቃ ወረወረችው። በክፍሌ በር ገብቶ የመስታወቴን ጠርዝ ሰበረው፤ ይሰበር!

«ከዚህ ቤት ውጪ» አለቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ከዚህ ቤት ውጪ።»

ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትላት የኖረችውን ነው «አንቺ» ያለቻት። ሴትዮዋም ደነገጠች።

«እኔን ያሳደግሽኝ መስሎሻል» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «እኔን አላሳደግሽኝም። አንዱን ኩላሊቴን ገደልሽው፣ ሁለተኛውን እያስታመምኩ ነው። እስከ ዛሬ ሽንቴ የሚመጣው ቀና ብዬ አንቺን አይቼ ነው። ይህን ሁሉ በእኔ ላይ አደረግሽ፤ ይቅር በይኝ እንኳ ባትዪ፣ በድዬሻለሁ እስክትዪ ጠበቅሁሽ። አትበዪ! ከአፍሽ ምንም አልፈልግም። ይቺን ግን አትነኪያትም። ይቺን አትነኪያትም!»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። «አሮጊት ሴት ወዴት ትጥዪኛለሽ?»

«ያልቆነጠጥሽው ልጅሽ ጋ።»

ራሷ ደወለችለት። ስብሰባ አለኝ ሲል «እናትህን መንገድ ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀምጣታለሁ፤ ስብሰባህ ሲያልቅ ታገኛታለህ» አለችው። ስብሰባው በአንድ ጊዜ አለቀለት። እኔ ልብሷን ወደ ሻንጣ ስወረውር እጄ ደስ ብሎት ነበር። ድንቢጥ የት እንዳለች ያን ሰዓት አላሰብኩም፤ ማንኛችንም አላሰብንም።

ልጁ መጣ፤ አጉተመተመ፣ ዘመድ አዝማድ ምን ይላል አለ። እማዬ ሴትዮዋን ደግፋ አወጣቻት፣ መኪናው ውስጥ አስገብታ እግሯን አስተካከለችላት። በሩን ልትዘጋ ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ሽንቴ መጥቷል። አንድ ጊዜ መልሺኝና...»

ቤቱ እዚያው ነው። ሽንት ቤቱ እዚያው ነው። እማዬ ቆም ብላ አየቻት።

«ቻይው፣ እትዬ» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔ ስችል ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበር።»

በሩን ዘጋችው። መኪናው መንገዱ መጨረሻ ላይ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆመን አየነው። የልጇ ቤት ሩቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንገዱም ይጨናነቃል። ይህን ሳስብ እዚያው በሩ ላይ ጨፈርኩ። እማዬ ወደ ቤት ገብታ ከጆጉ ቀድታ ብርጭቆውን አፈፍ አድርጋ ጠጣችው፤ ሌላም ደገመች። «አንጀቴ ራሰ» አለች። ተቃቀፍን። ልጅ ሆኜም እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም። «አሁን ሽንት ቤት እሄዳለሁ፤ ማንም አያየኝም» ብላ እየሳቀች ወደ ኮሪደሩ ዞረች።

ድንቢጥ እዚያ ቆማ ነበር። መጫወቻዎቿን በሙሉ ሰብስባ ካርቶን ውስጥ ደርድራለች፣ አሻንጉሊቷን ከላይ ቀጥ አድርጋ አስቀምጣለች። እግሯን አቆላልፋለች። ያን ሁሉ ጩኸት፣ ሻንጣውን፣ ልጁን፣ መኪናውን፣ ሁሉንም እዚያው ቆማ ነው ያሳለፈችው። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«እማማ፣ ሰብስቤያለሁ» አለች። «አሁን ልሂድ?»

እማዬ ብድግ አደረገቻት። «ሂጂ የእኔ እናት፣ ሂጂ፣ ማንንም አትጠይቂ!» እያለች ገብታ አስቀመጠቻት። እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ። አፏጨሁ። እማዬ ፊቷ ተንበርክካ እጇን ይዛ ጠበቀች። ጠበቅን። ውኃው ብቻ ይፈስሳል። ድንቢጥ ወደ ታች አጎንብሳ አየች፣ ከዚያ ቀና አለች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«አልመጣም እማማ» አለች፣ እንድናጨበጭብላት ዓይን ዓይናችንን እያየች። «ቻልኩት!»

እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።